በነጻ የሚታደል ገንዘብ ዋጋው ስንት ነው?

ሰው በነጻ የሚሰጥ ነገር ሲያይ ሁለት ሐሳብ ይመጣበታል። አንደኛው «እንዳያመልጠኝ» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ለምን ይሆን የሚሰጡኝ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ፈጥኖ ይደርሳል፤ ሁለተኛው ግን ዘግይቶ፣ አንዳንድ ጊዜም ነገሩ ካለፈ በኋላ ይመጣል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ያሰብነው ጉዳይ ይህ ሁለተኛው ሐሳብ አብዝቶ ስለሚዘገይበት አንድ ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረቀትም ሳንቲምም ሳይሆን በኮምፒዩተር መዝገብ ላይ ብቻ የሚኖር፣ ክሪፕቶ የሚባል የገንዘብ ዓይነት ከተፈጠረ እነሆ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚህ ወገን የሆነ አዲስ ገንዘብ፣ ማለት ቶክን፣ ሲወጣ አውጪዎቹ ስሙ እንዲታወቅና ተጠቃሚው እንዲበዛ ሲሉ ለብዙ ሰው በነጻ የሚያድሉበት ጊዜ አለ። ይህንንም እደላ ወጣቶቻችን በእንግሊዝኛ ስሙ ኤርድሮፕ ይሉታል፤ ከአውሮፕላን እንደሚጣል ስንቅ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ ታክሲ ተሰልፎ የሚጠብቀው፣ በካፌ የተቀመጠው፣ በዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤት የተጋደመው ብዙ ወጣት አውራ ጣቱን በስልኩ መስተዋት ላይ ሲያንኳኳ ይታይ ነበር። የሚያንኳኳውም በቴሌግራም ላይ የወጣውን ሐምስተር ኮምባት የተባለ ጨዋታ ነበር። እኛም ከነዚያ አንኳኪዎች መካከል ነበርን።

«ታዲያ ይህ እደላ አያሰጋምን? ብንገባበትስ ይጎዳናልን?» እያሉ የሚጠይቁን ወዳጆች ዛሬም አሉን። ስለዚህ ያየነውን፣ ያወቅነውንና በራሳችን የደረሰውን ሳንደብቅ እንጽፋለን። ዓ.ም. ያላልንባቸው ዓመታትና ወሮች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ እውነቱን ለመናገር፣ እደላ ሁሉ ማታለያ አይደለም። በ2010 ጋቪን አንድሬሰን የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ ቢትኮይን በሰው ዘንድ እንዲታወቅ ሲል አንድ ድረ ገጽ ከፍቶ ለመጣ ሰው አምስት አምስት ቢትኮይን ያድል ነበር። በዚያን ጊዜ የአምስቱ ዋጋ ጥቂት ሳንቲም ነበር፤ በዲሴምበር 2024 ግን የአንዱ ዋጋ ብቻ ከ100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር አለፈ። እንደዚሁም በሴፕቴምበር 2020 ዩኒስዋፕ የተባለው የክሪፕቶ መገበያያ ቀድሞ ለተገለገሉበት ሰዎች 400 ቶክን ሰጠ፤ ይህም በሰሞኑ ዋጋ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ሰጪው በእውነት ሰጠ፤ ተቀባዩም በእውነት ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ሰውን ሁሉ ያነሣሣውና እንቅልፍ የነሣው እንዲህ ያለው ወሬ ነው።

ይሁን እንጂ የተሳካለትን ሰው ወሬ እንጂ ያልተሳካለትን ሰው ወሬ ማንም አያወራም። በማርች 2014 አውሮራኮይን የተባለ ቶክን ለአይስላንድ አገር ሕዝብ ለእያንዳንዱ 31.8 እንዲደርሰው መታደል ጀመረ። የተቀበለው ሰው ሊሸጠው ገበያ ወጣ፤ ገዢው ግን ጥቂት ነበር፤ ዋጋውም በሳምንታት ውስጥ ወደቀ። ምክንያቱን ለማወቅ የገንዘብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ለመንደሩ ሁሉ በነጻ የታደለን እህል በዚያው መንደር ገበያ የሚያወጣ ሰው ማንን ገዢ ያገኛል?

ወደ እኛው ሐምስተር እንመለስ። ጨዋታው በማርች 2024 ተጀምሮ ቶክኑ በሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 ታደለ። አውጪዎቹ ከ100 ቢሊዮኑ ቶክን 60 በመቶውን ለተጫዋቾች መደቡ፤ ለመቀበል የበቁትም 131 ሚሊዮን ሰዎች መሆናቸውን አስታወቁ። አሁን እርሳስና ወረቀት እናንሣ። ስድሳ ቢሊዮን ለ131 ሚሊዮን ሲካፈል ለአንድ ሰው በአማካይ 458 ቶክን ግድም ይደርሰዋል። ገበያው ሲከፈት የአንዱ ቶክን ዋጋ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ነበርና የስድስት ወር ድካም ዋጋው አምስት ዶላር አይሞላም ማለት ነው። ያንን ያህሉን እንኳ ሳይሸጥ «ዋጋው ይጨምራል» ብሎ ያስቀመጠው ሰው ዓመቱ ሳይሞላ ከአምስት እጅ አራቱን የሚበልጠውን አጣ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ይህን ስንል ሐምስተርን ሌባ ማለታችን አይደለም። የሰጠውን ሰጥቷል። እኛም በዋጋ ሰጥተነዋል፤ ዋጋውም ጊዜያችን ነበር። ሌሊት ተነሥተን የዕለቱን ካርድ ፈልገናል፤ የሚያሳየንን የዩቲዩብ ፊልም አይተናል፤ ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን እየጋበዝን አስገብተናል። የጨዋታው የዩቲዩብ ሰርጥም በዚህ ዓይነት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ተከታይ አግኝቷል። ያን ሁሉ ሰዓት አንድ የእጅ ሙያ ወይም አንድ ቋንቋ ብንማርበት ኖሮ እስከ ዛሬ አብሮን በኖረ ነበር።

ከጊዜም የከበደ ዋጋ የሚጠየቅበት እደላ አለ። በጎረቤታችን በኬንያ በጁላይ 2023 የሆነውን እናስታውስ። ሳም አልትማን ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ወርልድኮይን ዓይኑን በመሣሪያ ላስነሣ ሰው 25 ቶክን እሰጣለሁ አለ። ይህም በጊዜው 50 ዶላር ግድም ያወጣ ስለ ነበር በናይሮቢ ሕዝቡ ረዥም ሰልፍ ይዞ ቆመ። የኬንያ መንግሥት በኦገስት 2 ቀን 2023 ሥራውን አገደ። በሜይ 2025 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከሕዝቡ የተሰበሰበው የአካል መረጃ በሰባት ቀን ውስጥ እንዲጠፋ አዘዘ። ቶክን ቢጠፋ ሌላ ይገኝ ይሆናል፤ የይለፍ ቃልም ቢሰረቅ ይለወጣል። የዓይን ብሌን ግን ከተሰጠ በኋላ አይለወጥም። እነዚያ የተሰለፉት ሰዎች ይህን ሳያውቁ ቀርተው ላይሆን ይችላል፤ ለቤት ኪራይና ለእህል የሚሆን ገንዘብ የቸገረው ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ጥቂት ነው። የሚያሳዝነውም ይኸው ነው።

እስካሁን የተናገርነው በግልጽ ወጥቶ ስለሚያድለው ነው። የዚህ ክፋቱ ተስፋን ማብዛቱ፣ ጊዜን መብላቱና ያልታሰበበትን ነገር ማስረከቡ ነው እንጂ ኪስ አይዳብስም። ኪስ የሚዳብሰው የሌላውን ልብስ ለብሶ የሚመጣው ነው። መልኩም ብዙ ቢሆን በሦስት ልንከፍለው እንችላለን።

አንደኛው «ላክልኝና እጥፉን ልመልስልህ» የሚለው ነው። በጁላይ 15 ቀን 2020 የባራክ ኦባማ፣ የጆ ባይደን፣ የቢል ጌትስና የኢሎን መስክ የትዊተር ገጾች በሌቦች እጅ ገብተው ነበር። ከየገጾቹም ቢትኮይን ለላከ ሰው እጥፉ እንደሚመለስለት የሚናገር ማስታወቂያ ወጣ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ተሰበሰበ፤ አንድም እጥፍ የተመለሰለት ሰው የለም። የተንኮሉ ዋና ሆኖ የተያዘው በፍሎሪዳ የሚኖር የ17 ዓመት ልጅ ነበር። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽንም ከኦክቶበር 2020 እስከ ማርች 2021 ባለው ስድስት ወር ብቻ ሰዎች ኢሎን መስክን መስለው ለቀረቡ አታላዮች ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ መስጠታቸውን አመልክቷል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ በኢንተርኔት ዓለም ደግሞ ሁሉም አገር የማያውቁት አገር ነው።

ሁለተኛው ቁልፍ የሚጠይቀው ነው። የክሪፕቶ ገንዘብ የሚቀመጥበት ዋሌት የሚከፈተው አሥራ ሁለት ወይም ሃያ አራት በሆኑ ምሥጢራዊ ቃላት ነው። እነዚህን ቃላት ያወቀ ሰው ባለቤት ነው፤ ባንክ የለም፣ ዘበኛ የለም፣ «ይህ ሰው ማነው?» ብሎ የሚመረምርም የለም። አታላዩ «ስጦታህን ለመቀበል ቃላቱን አስገባ» ይላል። ወይም ቃላቱን ሳይጠይቅ «እዚህ ላይ አጽድቅ» ብሎ አንድ ቁልፍ ያስነካል። ያ ማጽደቅ በኛ አገር ወግ ሲተረጐም ገንዘብህን እንደ ወደደ እንዲያንቀሳቅስ ለማታውቀው ሰው ውክልና መፈረም ነው። የታደለው ስጦታ አይመጣም፤ በዋሌቱ ያለው ግን ተጠርጎ ይሄዳል። ስካም ስኒፈር የተባለው የዚህን ወንጀል ተከታታይ ድርጅት እንደ ገለጸው በዚህ መንገድ በ2023 ከ324 ሺህ ያህል ተጠቂዎች 295 ሚሊዮን ዶላር ግድም ተዘርፏል፤ በ2024 ደግሞ ዘረፋው ወደ 494 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል።

ሦስተኛው ሳይጠሩት የሚመጣው ነው። ሰው አንድ ቀን ዋሌቱን ሲከፍት የማያውቀው ቶክን ገብቶ ያገኛል፤ «ለመሸጥ ወደዚህ ገጽ ግባ» የሚልም ጽሑፍ ተያይዞበታል። በጁላይ 2022 በዚህ ዓይነት ከ73 ሺህ ለሚበልጡ የዋሌት አድራሻዎች ዩኒስዋፕ የላከው የሚመስል ሐሰተኛ ስጦታ ተልኮ፣ ተታለው ከገቡት ሰዎች ስምንት ሚሊዮን ዶላር ያህል ተወስዷል። ቶክኑ በዋሌቱ ውስጥ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ምንም አያደርግም። የሚጎዳው ተከትሎት መሄድ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛችን፣ እኛው ጋር በአንድ መኝታ ቤት ያደረና በአንድ ቀን የተመረቀ ልጅ፣ ሥራ ፈልጎ ባጣበት ወራት ከእውነተኛ እደላዎች የደረሱትን ቶክኖች እያጠራቀመ ከሁለት መቶ ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ አስቀምጦ ነበር። አሳቡ ሩቅ አልነበረም። ደሴ ያለው የእናቱ ቤት ቆርቆሮ አርጅቶ ዝናም በመጣ ቁጥር ያፈስ ስለ ነበር ገንዘቡን መንዝሮ ጣራውን ሊያስለውጥ ነበር። «ነሐሴ ሳይገባ» ብሎ ለእናቱ ተስፋ ሰጥቷል።

በሐምሌ አንድ ማታ በተመራቂዎች የቴሌግራም ቡድናችን ውስጥ አንድ ሊንክ ወጣ። አዲስ እደላ እንዳለ፣ ሌሊቱ ሳይነጋም እንደሚዘጋ ይናገር ነበር። ጓደኛችን ሊንኩን ተከትሎ ገባ፤ ገጹ የሚያውቀውን ገጽ ይመስላል፤ አጽድቅ አለው፤ አጸደቀ። ጠዋት ሲነሣ ዋሌቱ ባዶ ነበር።

ያን ሊንክ በቡድኑ ውስጥ ያወጣው ማነው ያልን እንደ ሆነ፣ እኛ ነን። ከሌላ ቦታ ደርሶን ሳንከፍተው፣ ሳንመረምረው፣ ለሰው የጠቀምን መስሎን አሳለፍነው። እኛ ራሳችን ያልተዘረፍነው ብልህ ስለ ሆንን አይደለም፤ በዋሌታችን ውስጥ የሚወሰድ ነገር ስላልነበረ ነው። ጓደኛችን ደውሎ ሊንኩን የላክነው እኛ መሆናችንን ጠየቀን፤ አዎን አልነው። «ከሌላ ሰው ቢመጣ ኖሮ አልከፍተውም ነበር» አለን። ከዚህ ሌላ ክፉ ቃል አልተናገረንም። ይህ አንድ ቃል ግን እስከ ዛሬ ድረስ አልለቀቀንም፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍነውም ስለዚሁ ነው።

ከዚህ የተማርነውን እንናገር። አታላዩ የሰረቀው የጓደኛችንን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያ የሰረቀው በኛና በእርሱ መካከል የነበረውን መተማመን ነው። መሣሪያው እርሱ ነበር። ሰው የማያውቀውን ሰው ይጠረጥራል፤ የወንድሙን መልእክት ግን አይጠረጥርም። «ጓደኛህን ጋብዝ፣ ነጥብ ታገኛለህ» የሚለው የእደላዎች ሥርዓት ደግሞ መልእክትን ሳይመረምሩ ማሳለፍን ልማድ አድርጎ አስተምሮናል። ሌባው መንገዱን አልሠራም፤ በተሠራው መንገድ መጣ እንጂ።

እስቲ ነገሩን ከእቁባችን ጋር እናስተያየው። እናቶቻችን እቁብ ሲገቡ ዳኛው ማን እንደ ሆነ፣ ጸሐፊው የማን ልጅ እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። ዕጣ የወጣለትም ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው በአንድ ሰፈር በሚኖሩ፣ በደስታና በኀዘን በሚገናኙ ሰዎች መካከል ነው። እኛ የተማርነው ልጆቻቸው ግን ስሙን ለማናውቀው፣ አገሩን ለማናውቀው፣ ነገ የት እንደምናገኘው ለማናውቀው ሰው ያለ ዋስ የዋሌታችንን ቁልፍ እናስረክባለን። ከሁለታችን የትኛው ነው የተማረው?

ዋስ የሌለበት መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ዳኛም የለበትም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር መሆኑን አስታውሶ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ እንደ ሆነ ለሕዝብ አስጠንቅቋል። እንግዲህ በዚህ መንገድ የተዘረፈ ሰው አቤቱታውን ይዞ ማን ደጅ ይቆማል? በክሪፕቶ መዝገብ ላይ አንድ ጊዜ የተላለፈ ገንዘብም ተቀባዩ ካልመለሰው በቀር አይመለስም። ጓደኛችን ገንዘቡ የሄደበትን አድራሻ ዛሬም ድረስ በመዝገቡ ላይ ያየዋል፤ ማየት ብቻ ነው።

«ነገር ግን እኛ ምንም የለንምና ምን ይወሰድብናል?» የሚሉ ወጣቶች አሉ። አነጋገሩ ውስጥ እውነት አለበት። ተመርቆ ሥራ ያጣን ወጣት «እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ፤ የሚሰጥህንም አትቀበል» ማለት ከጠገበ ሰው የሚመጣ ምክር ነው፤ እኛም ያን ለመምከር አልተነሣንም። አንዳንዱም በእውነት አግኝቷል። ሆኖም ምንም የለኝም የሚል ሰው ስሙ፣ መታወቂያው፣ ስልኩ፣ የዓይኑ ብሌን፣ ከሁሉም በላይ የሚያምኑት ሰዎች አሉት። አታላዩ የሚፈልገው ይህን ነው። የድኻ ሀብቱ ታማኝነቱ ስለ ሆነ ይህን ያጣ ድኻ በእርግጥ ምንም የለውም።

ስለዚህ ለጥያቄው መልስ እንስጥ። በነጻ በሚታደለው ቶክን መግባት ያሰጋልን? እጁን ባዶ አድርጎ ለገባ ሰው የሚያሰጋው ጥቂት ነው፤ አንድ ነገር ይዞ ለገባ ግን እጅግ ያሰጋል። መለያውም የእጁ አቅጣጫ ነው። ስጦታ ከሰጪ ወደ ተቀባይ ይሄዳል። ለመቀበል ብለህ መስጠት የጀመርህ እንደ ሆነ ሰጪው አንተ ነህ።

በዚህ ላይ ተመሥርተን ወዳጆቻችንን የምንመክረው ጥቂት ነው። አሥራ ሁለቱን ቃላት ለማንም፣ ለማናቸውም ምክንያት አትስጡ፤ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው። መዝገቡ የራሱ ጥቂት የአገልግሎት ዋጋ ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን «ስጦታህን ለማስለቀቅ ለዚህ አድራሻ ይህን ያህል ላክ» የሚል ቃል ከመጣ ገጹን ዝጉ። እደላ ለመቀበል ሌላ ባዶ ዋሌት ክፈቱ፤ ያጠራቀማችሁትን ከዚያ አታድርሱ። በተላከላችሁ ሊንክ አትግቡ፤ የአውጪውን ገጽ ራሳችሁ ፈልጋችሁ አረጋግጡ። ከማጽደቃችሁ በፊት የምታጸድቁትን አንብቡ፤ ካልገባችሁ አታጽድቁ። «ሌሊቱ ሳይነጋ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ተኝታችሁ እደሩ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነውና። ዓይናችሁን፣ ጣታችሁንና መታወቂያችሁን ለቶክን አትለውጡ። ከሁሉም በላይ፣ እናንተ ራሳችሁ ያልመረመራችሁትን ነገር ለሚያምናችሁ ሰው አታሳልፉ።

ይህ የመጨረሻው ምክር ለኛ ዘግይቶ ደረሰን። ጓደኛችን ከዚያ በኋላ በአንድ ትንሽ ድርጅት በሒሳብ ጸሐፊነት ተቀጥሮ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር እቁብ ገባ። እኛም ደመወዝ ስናገኝ ያጠፋነውን ከፍለን ለመጨረስ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እንልክለት ጀመርን። መጀመሪያ አልቀበልም ብሎ ነበር፤ ኋላ ግን «ለቆርቆሮው ይሁን» ብሎ ተቀበለ። በዚያ ክረምት እናቱ ከሚያፈሰው ጣራ ሥር ባልዲ እያስቀመጡ አሳለፉ። በሚከተለው ዓመት ግን ሰኔ ሳይገባ ቆርቆሮው ተለወጠ። ገንዘቡ ከሰማይ አልወረደም፤ ስማቸው ከሚታወቅ ሰዎች እጅ ጥቂት በጥቂት ተሰበሰበ እንጂ።